የሚለጠጥ ጨርቅ ንግድና የመለያ ጽሑፍ አስፈላጊነት

ነጋዴ ከገበያ ይዞት የሚመለሰው ትርፍ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንደኛው በሣጥን የሚቆለፈው ገንዘብ ሲሆን ሁለተኛው በደንበኛው ልብ የሚቀመጠው እምነት ነው። የመጀመሪያው በአንድ ቀን ሊገኝ ይችላል፤ ሁለተኛው ግን በብዙ ዓመት ተለቅሞ በአንድ ቀን ሊበተን የሚችል ሀብት ነው። በልብስና በጨርቅ ንግድ የተሰማራ ሰው ይህን ከማንም ይበልጥ ያውቀዋል፤ የሸጠው ዕቃ በገዢው ገላ ላይ ሆኖ በየመንገዱ እየዞረ ስለ ሻጩ መልካም ወይም ክፉ ሲመሰክር ይኖራልና።

በአሁኑ ጊዜ በመርካቶም ሆነ በክልል ከተሞች ገበያ ከሚዘረጋው ልብስ ውስጥ ብዙው ሲስቡት የሚለጠጥ፣ ሲለቁት ወደ ቀድሞ መጠኑ የሚመለስ ነው። ጅንስ ሱሪው፣ ሴቶች የሚለብሱት ታይት፣ ካልሲው፣ የውስጥ ልብሱ፣ የስፖርት ልብሱ፣ ሰውነት ላይ ልክክ የሚለው ቲሸርት ሁሉ ከዚሁ ወገን ነው። ገዢውም ወዶታል፤ ሲቀመጡ አይጨንቅም፣ ሲራመዱ አይዝም፣ አንዱ ልክ ለብዙ ዓይነት ገላ ይስማማል። ይሁን እንጂ ከዚህ ልብስ ጋር አብሮ የመጣ አንድ ቅሬታ አለ። ሱሪው በተገዛበት ቀን እንደ ተለካ ሆኖ ይገጥማል፤ ጥቂት ጊዜ ከታጠበ በኋላ ግን ጉልበቱ ላይ ያብጣል፣ ወገቡ ይሰፋል፣ መቀመጫው ይንዘላዘላል። ገዢው ተታለልሁ ብሎ ወደ ሱቁ ይመለሳል፤ ባለሱቁ እኔ ከአስመጪው እንደ ተቀበልሁት ሸጥሁ ይላል፤ አስመጪውም ፋብሪካው እንዲህ አድርጎ ላከልኝ ይላል። ሦስቱም የሚናገሩት እውነት ሊሆን ይችላል፤ ጉዳቱ ግን ከወር ደመወዙ ቀንሶ በገዛው ሰው ላይ ይቀራል።

የዚህ ቅሬታ መነሻ ጨርቁ መጥፎ መሆኑ አይደለም። ጨርቁ ከፋብሪካ እስከ ሱቅ ሲጓዝ ምን እንደ ሆነ የሚናገርለት የታመነ ቃል አብሮት ስለማይጓዝ ነው። ስለዚህም በዚህ ንግድ ላይ ያለ አስመጪ፣ ላኪና ባለሱቅ ሁሉ ከዋጋው አስቀድሞ ስለ ጨርቁ ውህደት በጽሑፍ መጠየቅና በጽሑፍ መናገር ይገባዋል።

የቀድሞው ጨርቅ ነጋዴ ጽሑፍ ሳያስፈልገው ይሠራ ነበር። ሸማን የሚገዛ ሰው በእጁ ዳስሶ፣ ወደ ብርሃን አንሥቶ፣ የድሩንና የማጉን ጥብቀት ተመልክቶ ዋጋውን ይቆርጥ ነበር። አቡጀዲውንም ሆነ ካኪውን፣ የሱፍ ጨርቁንም ቢሆን ጣት ያውቀዋል። ከጥጥ ብቻ የተሠራ ጨርቅ በእጅ ላይ የሚታየውና ከዓመት በኋላ የሚታየው ጠባዩ ብዙ አይራራቅም። የሚለጠጥ ጨርቅ ግን ከዚህ የተለየ ነው። በሱቁ ጠረጴዛ ላይ ሲስቡት መልካሙም መጥፎውም እኩል ይለጠጣል፤ ልዩነቱ የሚታየው ከብዙ እጥበት በኋላ ሲመለስና ሳይመለስ ሲቀር ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንደሚባለው የዚህ ጨርቅም እውነት እያደር እንጂ በዕለቱ አይታይም። እጅ ሊያውቀው ያልቻለውን ነገር የተጻፈ ቃል ካላሳወቀ በስተቀር ግብይቱ በዕውር ድንብር መሆኑ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት የዚህን ክር ታሪክ በአጭሩ መመልከት ይጠቅማል። በቀድሞ ዘመን ልብስን እንዲለጠጥ ያደርግ የነበረው ከጎማ ዛፍ ወተት የሚሠራው ላስቲክ ነበር። አሜሪካዊው ቻርልስ ጉድይር ጎማን ከድኝ ጋር በሙቀት አዋህዶ የሚያጠነክርበትን ዘዴ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1844 ዓ.ም. በስሙ ካስመዘገበ በኋላ የላስቲክ ክር ለውስጥ ልብስና ለማሰሪያ ማገልገል ችሏል። ነገር ግን የጎማ ክር ብዙ ጉድለት ነበረበት፤ ላብና የገላ ቅባት ያበላሸዋል፣ ፀሐይ ያደርቀዋል፣ ቀለም በሚገባ አይቀበልም፣ እጅግ ቀጭን አድርጎ መሥራቱም አስቸጋሪ ነው።

በ1937 ዓ.ም. ጀርመናዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ኦቶ ባየር ከሥራ ጓደኞቹ ጋር በሌቨርኩሰን ከተማ ፖሊዩሬቴን የሚባለውን ሰው ሠራሽ ንጥረ ነገር አገኘ። ከዚያም በ1958 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በቨርጂኒያ ግዛት በዌይንስቦሮ ከተማ የዱፖንት ኩባንያ ኬሚስት የነበረው ጆሴፍ ሺቨርስ ከዚሁ የንጥረ ነገር ወገን የጎማን ሥራ የሚሠራ፣ የጎማ ጉድለት ግን የሌለበት ክር ለማውጣት ቻለ። ኩባንያው ይህን ክር ላይክራ በሚል የንግድ ስም ከ1962 ዓ.ም. ጀምሮ በብዛት ያመርተው ጀመር። የክሩ የወል ስም በአሜሪካ ስፓንዴክስ፣ በአውሮፓ ደግሞ ኤላስቴን ይባላል፤ ሁለቱም አንድ ነገር ናቸው። በሁለቱም ወገን ሕግ መሠረት በዚህ ስም ለመጠራት ክሩ ከክብደቱ ቢያንስ 85 በመቶው ፖሊዩሬቴን መሆን አለበት።

በዚህ ላይ በገበያችን ውስጥ የተለመደ አንድ ስሕተት አለ። ብዙ ሰው የሚለጠጠውን ጨርቅ ሁሉ ላይክራ ይለዋል። ላይክራ ግን የአንድ ድርጅት የተመዘገበ የንግድ ምልክት እንጂ የክሩ ስም አይደለም። ዱፖንት ይህን የሥራ ክፍሉን በ2004 ዓ.ም. ለሌላ ሸጦታል፤ በ2019 ዓ.ም.ም ምልክቱ ወደ አንድ የቻይና ድርጅት እጅ ተላልፎ ነበር። ዛሬ የዓለምን ኤላስቴን በብዛት የምታመርተው ቻይና ስትሆን የደቡብ ኮሪያው ህዮሱንግም ከታላላቆቹ አምራቾች አንዱ ነው። ስለዚህ ከማናቸውም ፋብሪካ የመጣውን ጨርቅ ላይክራ ብሎ በጽሑፍ መሸጥ የሌላውን ስም ያለፈቃድ መጠቀም መሆኑን ነጋዴው ሊገነዘበው ይገባል።

የክሩ ጠባይ እንደሚከተለው ነው። የኤላስቴን ክር በውስጡ ሁለት ዓይነት ክፍል አለው። አንደኛው ለስላሳና ረጅም ሆኖ እንደ ተተረተረ ሹራብ ፈትል የተጠቀለለ ነው፤ ሁለተኛው ጠንካራና አጭር ሆኖ ለስላሳዎቹን ክፍሎች በየቦታው እንደ ቋጠሮ አያይዞ የሚይዝ ነው። ክሩን ሲስቡት የተጠቀለለው ክፍል ይዘረጋል፤ ቋጠሮው ግን አይለቅም። ሲለቁት የተዘረጋው ተመልሶ ይጠቀለላል። በዚህ ምክንያት ክሩ ከራሱ ርዝመት አምስት እጥፍና ከዚያም በላይ ሳይበጠስ ሊሳብ ይችላል። የጥጥ ጭረት ግን ከርዝመቱ 10 በመቶ ያህል እንኳ ብዙም ሳያልፍ ይበጠሳል። ሙቀት ሲበዛ ወይም በረኪና ሲነካው ግን የተያያዘው ክፍል ይላላል፤ በዚያን ጊዜ የተዘረጋው ክር መመለሻውን ያጣል። ጉልበቱ ያበጠ ሱሪ ታሪክ ይኸው ነው።

ይህ ክር ብቻውን ልብስ የሚሆንበት ጊዜ የለም ለማለት ይቻላል። ዘወትር ከጥጥ፣ ከፖሊስተር ወይም ከናይሎን ጋር ይጣመራል። ለጅንስ በሚሆነው ክር ላይ አሠራሩ እንዲህ ነው፤ ኤላስቴኑ ከሦስት እጥፍ በላይ ተስቦ እንደ ተወጠረ ጥጡ በዙሪያው ይፈተልበታል። ውጥረቱ ሲለቀቅ ክሩ ይሰበሰባል፤ ውስጡ የሚለጠጥ፣ ላዩ ግን ፍጹም ጥጥ የሆነ ፈትል ይገኛል። ገላን የሚነካው ጥጡ ስለ ሆነ ለባሹ ሰው ሠራሽ ነገር እንዳለበት እንኳ አያውቅም። ትንሽ መጠን ብዙ ሥራ የሚሠራውም በዚሁ ምክንያት ነው። ለጅንስ ከ1 እስከ 3 በመቶ ይበቃል፤ ለቲሸርት 5 በመቶ ያህል የተለመደ ነው፤ ለታይትና ለስፖርት ልብስ ከ10 እስከ 20 በመቶ፣ ለዋና ልብስ ደግሞ ከዚያም ሊበልጥ ይችላል። ከዚህ እንደሚታየው የልብሱ ጠባይና ዋጋ የተንጠለጠለው በጥቂት መቶኛ ላይ ነው። በጅንስ ላይ 2 በመቶ ተብሎ 1 በመቶ ቢገባበት በእጅ ሚዛን የማይታወቅ ልዩነት ነው፤ ለለባሹ ግን በሚመለስና በማይመለስ ሱሪ መካከል ያለ ልዩነት ነው።

ከዚህም በላይ የሚለጠጥ ሁሉ ኤላስቴን ያለበት አይደለም። የፖሊስተርን ክር በሙቀት እያጠማዘዙ እንደ ፀጉር ቆልማማ በማድረግ በመጠኑ እንዲለጠጥ ማድረግ ይቻላል። ይህ ጨርቅ ለአንዳንድ ልብስ መልካም ነው፤ በርካሽም ይገኛል። ነገር ግን የመለጠጥ ኃይሉ ከኤላስቴን ጋር አይወዳደርም። በዓለም የጉምሩክ ታሪፍ ማውጫም ሁለቱ ተለይተው ተቀምጠዋል። በማውጫው አገላለጥ የሚለጠጥ ክር የሚባለው ከርዝመቱ ሦስት እጥፍ ሲሳብ የማይበጠስ፣ ሁለት እጥፍ ተስቦ ሲለቀቅም በ5 ደቂቃ ውስጥ ከቀድሞው ርዝመት አንድ ተኩል እጥፍ ወደማይበልጥ መጠን የሚመለስ ሰው ሠራሽ ክር ነው፤ የተቆለማመው ክር ግን ከዚህ ስም ውጭ መሆኑ በግልጽ ተጽፏል። እንግዲህ ሁለቱን ጨርቆች በሱቅ ውስጥ ስትሬች በሚል አንድ ስም፣ በአንድ ዋጋ መሸጥ ማውጫው የለየውን መልሶ መቀላቀል ነው።

ነገሩ ለአስመጪው የቃል ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የገንዘብም ነው። በታሪፉ ማውጫ ስፋቱ ከ30 ሳንቲሜትር የሚበልጥ በሹራብ ዘዴ የተሠራ ጨርቅ ከክብደቱ 5 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ የሚለጠጥ ክር ካለበት፣ ጉጉር ካለው ጨርቅ በስተቀር፣ በቁጥር 6004 ሥር ይመደባል። ከ5 በመቶ ካነሰ ወደ ሌላ ቁጥር ይዛወራል። ለቲሸርትና ለታይት የሚመጣው ጨርቅ ብዙው 95 በመቶ ጥጥና 5 በመቶ ኤላስቴን ተብሎ የሚጻፍ ስለ ሆነ ልክ በወሰኑ ላይ የቆመ ነው። በደረሰኙ ላይ 5 ተብሎ ተጽፎ በምርመራ 4 ቢገኝ፣ ወይም 4 ተብሎ ተጽፎ 6 ቢገኝ፣ አስመጪው ሳያውቅ የተሳሳተ መግለጫ አቅርቧል ማለት ነው። የላኪው ፋብሪካ ስንፍና በጉምሩክ በር ላይ የአስመጪው ጥፋት ይሆናል።

ሁለተኛው የገንዘብ ጉዳይ የልክ ነው። የሚለጠጥ ጨርቅ በጥቅሉ ላይ ተወጥሮ ከተጠቀለለ ሲለካ ረዝሞ ይታያል፤ ሲፈታና ሲያርፍ ያጥራል። 50 ሜትር ተብሎ የተገዛ አንድ ጥቅል ካረፈ በኋላ 2 በመቶ ቢሰበሰብ አንድ ሜትር ጠፋ ማለት ነው፤ 100 ጥቅል ላስመጣ ሰው ጉድለቱ 100 ሜትር ይሆናል። ስለዚህ የውሉ ወረቀት ልኩ የተወሰደው ጨርቁ ካረፈ በኋላ መሆኑን ካልጠቀሰ ገዢው የከፈለው ለጨርቁ ብቻ ሳይሆን ለውጥረቱም ጭምር ነው። እንዲሁም ጨርቁ በፋብሪካ ሳለ ከ180 እስከ 195 ዲግሪ በሚደርስ ሙቀት ለጥቂት ሴኮንድ ያህል አልፎ መጠኑ እንዲረጋ መደረግ አለበት። ይህ ሥራ ተዘልሎ ከሆነ ጨርቁ በመጀመሪያው እጥበት ይሰበሰባል፣ ጠርዙም ይጠቀለላል።

ላኪውም ከዚህ ነጻ አይደለም። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ለውጭ ገበያ ልብስ መስፋት በአገራችን ስሙ የሚነሣ የሥራ መስክ ሆኗል። ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች የሚገባ ልብስ በ2011 ዓ.ም. በአውሮፓ አቆጣጠር በወጣው ቁጥር 1007 ደንብ መሠረት የጭረቱ ዓይነትና መቶኛው ተጽፎበት መግባት አለበት። ስሙም በደንቡ ዝርዝር ውስጥ የተጠቀሰው መሆን ይገባዋል። በዚያ ዝርዝር ውስጥ ያለው ኤላስቴን ነው እንጂ ስፓንዴክስ አይደለም፤ ላይክራም ቢሆን ከኤላስቴን ጎን ሊጻፍ ይችላል እንጂ በቦታው ሊተካ አይችልም። በአሜሪካ ደግሞ ከ5 በመቶ በታች የሆነ ጭረት በስሙ እንዳይጠራ ደንቡ ቢያዝም፣ ጥቂት ሆኖ ሳለ ለልብሱ የታወቀ ተግባር የሚሰጥ ከሆነ በስሙ መጻፍ ይፈቀዳል፤ የሚለጠጠው ክር ለዚህ ዋነኛው ምሳሌ ነው። አንድ ቃል ተሳስቶ ስለ ተጻፈ ብቻ በደህና የተሰፋ ልብስ ከወደብ ሊመለስ እንደሚችል ላኪው ዘወትር ማሰብ አለበት።

በአገር ውስጥም ቢሆን ነገሩ ለነጋዴው በጎ ፈቃድ ብቻ የተተወ አይደለም። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል። ስትሬች ነው ብሎ ከመሸጥ በቀር ስለ ውህደቱ ምንም የማያውቅ ባለሱቅ ይህን መብት እንዴት ሊያከብር ይችላል?

በዚህ አሳብ ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች አሉ፤ በቸልታ የሚታለፉም አይደሉም። አንደኛው፣ ደንበኛው የሚጠይቀው ዋጋውን ብቻ ነው፤ መለያውንም አያነብ፣ ቢያነብም በባዕድ ቋንቋ የተጻፈ ነው የሚል ነው። ደንበኛው ዋጋውን ብቻ የሚጠይቀው ግን ሌላ የሚነገረው ነገር ስለሌለ ነው። ሁለት ሱሪ ፊቱ ተዘርግቶ ልዩነታቸው ካልተነገረው ርካሹን መምረጡ ሞኝነት አይደለም፤ ዐዋቂነት ነው። ይህ ሲደጋገም ደህናውን ዕቃ ያመጣ ነጋዴ በርካሹ ይሸነፋል፤ ከጥቂት ዓመት በኋላም በገበያው የሚቀረው ርካሹና የማይረባው ብቻ ይሆናል። ዝምታ የሚጎዳው ከሁሉ አስቀድሞ ቅን ነጋዴውን ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ፣ ትንሽ መጠን የሚያስመጣ ሰው በትልቅ ፋብሪካ ላይ ይህን ለማዘዝ አቅም የለውም የሚል ነው። ይህ እውነትነት አለው። ነገር ግን አንዱ ብቻውን ሊያደርገው የማይችለውን አሥሩ አንድ ዓይነት የትእዛዝ ወረቀት ቢጠቀሙ ሊያደርጉት ይችላሉ፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ለንግድም ይሠራል። ሦስተኛው፣ ምርመራ ወጪ አለው የሚል ነው። ለትልቅ ግዥ የላቦራቶሪ ማረጋገጫ መጠየቅ ከሚመለሰው ዕቃ ኪሳራ ጋር ሲመዛዘን ከባድ ወጪ አይደለም። አንድ ደርዘን ሱሪ ከጅምላ ሻጭ ወስዶ የሚቸረችር ባለሱቅ ግን ላቦራቶሪ ይሂድ ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው፤ ግዴታው በመጀመሪያ መውደቅ ያለበት ዕቃውን ወደ አገር ባስገባው ላይ ነው።

ለባለሱቁ ግን ያለ አንዳች ወጪ የሚደረግ መፈተኛ አለ። ከጅንሱ ጠርዝ ጥቂት የማግ ክር መዞ መፍታት ነው፤ በጅንስ ላይ የሚለጠጠው ክር ብዙውን ጊዜ ያለው በማጉ በኩል ነውና። ጥጡ ሲገፈፍ በመካከሉ እንደ ላስቲክ የሚሳብ ቀጭን ነጭ ክር ከተገኘ ኤላስቴን አለበት ማለት ነው። በእሳት መፈተን ግን እዚህ አያገለግልም፤ መጠኑ ጥቂት ስለ ሆነ የጥጡ ሽታና አመድ ይሸፍነዋል። የመመለስ ኃይሉን ለማወቅ ደግሞ በጨርቁ ላይ የ10 ሳንቲሜትር ልክ በጠመኔ ምልክት ማድረግ፣ በሚለጠጥበት በኩል ስቦ ጥቂት ማቆየት፣ ለቆ ካሳረፉት በኋላም መልሶ መለካት ነው። 10 የነበረው 10 ተኩል ሆኖ ከቀረ 5 በመቶው አልተመለሰም፤ ያ ሱሪ በጉልበቱ ላይ እንደሚያብጥ አስቀድሞ መናገር ይቻላል። ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው ሜትርና ትዕግሥት ብቻ ነው።

ስለ አያያዙም ባለሱቁ ሊናገር የሚገባው ቃል ጥቂት ነው፤ በአማርኛ በአንዲት ትንሽ ካርድ ላይ ሊጻፍ ይችላል። በረኪና አይንካው፤ ክሎሪኑ ክሩን ይበላዋልና። በፈላ ውሃ አይታጠብ፤ በሞቀ ካውያ አይተኮስ። በመለያው ላይ በካውያ ሥዕል ውስጥ አንድ ነጥብ ካለ በዝቅተኛ ሙቀት ብቻ እንዲተኮስ ያመለክታል፤ ለጥጥ የሚፈቀደው ባለ ሦስት ነጥቡ ከፍተኛው ሙቀት መሆኑን ሲያስቡ ልዩነቱ ምን ያህል እንደ ሆነ ይታወቃል። ከታጠበ በኋላም በጥላ ይድረቅ። እነዚህን ያልሰማ ገዢ መልካሙን ልብስ በሦስት ወር ሊያበላሸው ይችላል፤ ሲበላሽበትም የሚወቅሰው በረኪናውን ሳይሆን ሻጩን ነው።

መጋዘንም ይታሰብበት። ከቆርቆሮ ጣራ ሥር በፀሐይ ግለት የሚከማች፣ ወይም መኪና ሞተሩን እንዳስነሣ በሚቆምበት በር አጠገብ የሚቀመጥ ጨርቅ ሳይሸጥ ያረጃል። የሞተር ጭስ ነጩን ኤላስቴን ወደ ቢጫነት ሊለውጠው ይችላል። ጨርቁን በብትን የሚሸጥ ነጋዴም ለልብስ ሰፊው ሁለት ነገር ቢነግር መልካም ነው፤ ሳይቆረጥ በፊት ተፈትቶ አንድ ቀን ይረፍ፤ የሚለጠጥበትም ወገን በገላው ዙሪያ እንዲውል ይቆረጥ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ ከጥቅሉ እንደ ወረደ የተቆረጠ ጨርቅ ተሰፍቶ ሲያልቅ ከደንበኛው ልክ ያንሳል።

እንግዲህ ሊደረግ የሚገባው ግልጽ ነው። አስመጪው በትእዛዝ ወረቀቱ ላይ የጭረቱን ዓይነትና መቶኛ፣ ልኩ ጨርቁ ካረፈ በኋላ መወሰዱን፣ ተስቦ ሲለቀቅ ሳይመለስ ሊቀር የሚችለውንም መጠን ያስጽፍ። ለባለሱቁ በሚሰጠው ደረሰኝ ላይም ያንኑ መቶኛ ይድገመው። ባለሱቁ ያልተጻፈለትን አይቀበል፤ የተጻፈለትንም ለገዢው አይሸሽግ። የተቆለማመውን ፖሊስተር በራሱ ስምና በራሱ ዋጋ፣ ኤላስቴን ያለበትንም በራሱ ስምና ዋጋ ይሽጥ። የንግድ ምክር ቤቶችም በበኩላቸው ሁሉም የሚጠቀምበት አንድ የትእዛዝ ወረቀት ናሙናና በአማርኛ የተጻፈ የአያያዝ ካርድ ቢያዘጋጁ ለአባሎቻቸው ከብዙ ስብሰባ የሚበልጥ አገልግሎት ይሆናል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ጨርቁ ራሱ ሊወገዝ አይገባውም። ለሠራተኛው እንደ ልብ መንቀሳቀስን፣ ለስፖርተኛው ቅልጥፍናን፣ ለነፍሰ ጡሯ ምቾትን ሰጥቷል፤ ለነጋዴውም ጥቂት ልኮችን ብቻ አስመጥቶ ብዙ ደንበኛ የሚያስተናግድበትን መንገድ ከፍቷል። ኤላስቴን የተቀላቀለበት ልብስ ሲያረጅ ጭረቶቹን ለይቶ ዳግመኛ ለሥራ ማዋል አስቸጋሪ መሆኑ ነቀፋ ነው፤ ይህ ነቀፋም ረጅም ዕድሜ ያለውን ደህና ዕቃ ከማይበረክተው አስበልጦ ለመግዛት ተጨማሪ ምክንያት እንጂ ንግዱን ለመተው ምክንያት አይሆንም።

ክሩ የተፈጠረው ተለጥጦ እንዲመለስ ነው። ደንበኛም እንደዚሁ አንድ ጊዜ ገዝቶ ሄዶ ተመልሶ ወደዚያው ሱቅ እንዲመጣ የሚያደርገው ነገር አለ፤ እርሱም የተነገረው ቃልና የገዛው ዕቃ አንድ ሆኖ መገኘቱ ነው። ይህን የሚያረጋግጥለት መቶኛው የተጻፈበት ትንሽ ቁራጭ ጨርቅ ናት። እርሷን ለማስጻፍ የሚወጣው ወጪ ጥቂት ነው፤ እርሷን በመተው የሚጠፋው ደንበኛ ግን በምንም ወጪ ተመልሶ አይገኝም።